ቤት ውስጥ የተቀዳ ድምፅ፦ ከጅግጅጋ ካሴት እስከ ሊኑክስ

የጅግጅጋን የሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ የሚጠይቀኝ ሰው ስለ ስቱዲዮ እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ የማውቀው ታሪክ ግን የተሠራው ሳሎን ውስጥ ነው። ከደምበል ቆላ እስከ ካራማራ ግርጌ፣ ከአውበሬ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባሉት ከተሞቻችን ዘፈን የሚቀዳውም፣ የሚባዛውም፣ ከጦርነት የሚተርፈውም በመኖሪያ ቤት ነበር። የሶማሊኛው ሙዚቃ ታላላቅ ሬድዮ ጣቢያዎች ሐርጌሳ፣ ሞቃዲሾና ጅቡቲ ነበሩ፤ የአማርኛው ደግሞ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ጅግጅጋ መሐል መንገድ ላይ ናት። መንገድ ዳር የሚኖር ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ይሰማል፣ የወደደውንም ያስቀራል።

ያደግሁት በአጎቴ ሙዚቃ ቤት ነው። ዛሬ በዚያው ከተማ፣ በቤቴ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሊኑክስ በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ድምፅ እቀርጻለሁ፤ የድሮ ካሴትም ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ሁለቱ ሥራዎች ለእኔ አንድ ናቸው። እንዴት አንድ እንደሆኑ ለማስረዳት ግን ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጀመር አለብኝ።

በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከቦረማ አካባቢ የሆነ አብዲ ደቅሲ የሚባል ሾፌር ነበር፤ ሰዉ የሚያውቀው አብዲ ሲኒሞ በሚለው ስሙ ነው። መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶበት ሳለ ያንጎራጎራት አጭር የፍቅር ግጥም በልዎ ለተባለው የዘፈን ዓይነት መነሻ እንደሆነች ይነገራል። ከዚያ በፊት የሶማሌ ታላላቅ ግጥሞች ረዣዥም ነበሩ፤ ስለ ግመል፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ጎሳ ክርክር በጉባኤ ይነገሩ ነበር። በልዎ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስንኝ ናት፤ የምትናገረውም ስለ ፍቅር ብቻ ነው። ማጀቢያዋ ጭብጨባና ባዶ የነዳጅ ቆርቆሮ ነበር። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት ሰዎች አወገዟት፤ ወጣቱ ግን ወሰዳት። ቦረማ ከአውበሬ ድንበሩን እንደተሻገሩ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ዘፈኑም ሾፌሮቹ በሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ሄደ። ቆርቆሮ በየቤቱ አለ፣ እጅም በየቤቱ አለ። ይህ ሙዚቃ መድረክ አላስፈለገውም።

ብዙም ሳይቆይ አብዱላሂ ቀርሼ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1924 ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር ሞሺ ከተማ ተወልዶ ኤደን ያደገ ሰው ነው፤ ኡድ የተባለውን ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያም ከኤደን ይዞ መጣ። ሶማሌዎች ኡድን ከበን ይሉታል። ቀርሼ ከበንን ከሶማሊኛ ዜማ ጋር ስላስታረቀ የሶማሊኛ ሙዚቃ አባት ይባላል። ሐርጌሳ ላይ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1943 ሬድዮ ኩዱ ብለው የከፈቱት ትንሽ ጣቢያ ነበር፤ እሱ አድጎ ሬድዮ ሐርጌሳ ሆነ። ዘፈኖቹ በሬድዮ ሞገድ ወደ እኛ ይሻገሩ ጀመር። ያ ዘመን የሬድዮ ዘመን ነው፤ ቀጂው መንግሥት ነው፣ ሰሚው ሕዝብ።

ስለ ሴቶቹ ቆም ብዬ ላውራ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፉት እነሱ ናቸውና። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ በአደባባይ መዝፈኗ ለቤተሰቧ ነውር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የሬድዮ ድምፃውያት አንዷ የሆነችው ሻሚስ አቦኮር ሕዝቡ የሚያውቃት ጉዱዶ አርዎ በሚል የዘፈን ስም ነው። በስም መጋረድ የግድ ነበር። ስም መጋረድ ያልፈለገች፣ ወይም ያልቻለች፣ በቤቷ ትዘፍናለች። በሠርግ ዋዜማ፣ በአራስ ጥየቃ፣ ዕጣን ጨሶ ሻይ ሲቀርብ ሴቶች ለሴቶች ይዘፍናሉ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ኤዶ (አክስት) ድምፃቸው ከሬድዮው ይበልጥ ነበር፤ ከዚያ ሳሎን ውጭ ግን ዘፍነው አያውቁም። እንዲህ ያለውን ድምፅ ሬድዮ አያገኘውም። የሚያገኘው እዚያው ቤት ውስጥ ያለ መቅረጫ ብቻ ነው።

ያ መቅረጫ የመጣው ከውጭ ነው። ፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ለዓለም አሳየ። የአዲስ አበባው ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ የራሱን ሸክላ ማውጣት ሲጀምር፣ ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ነበር፤ ካፒታል ይጠይቃል፣ አስመጪ ይጠይቃል። ካሴት ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። አንድ ቴፕ፣ አንድ ባዶ ካሴት፣ አራት ባትሪ ያለው ሰው ቀራጭ ነው። ዕቃው ከዓረብ አገር በበርበራና በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በውጫሌ አልፎ ጅግጅጋ ገበያ ሲደርስ፣ ቴፕ ያልገባበት ቤት እያነሰ ሄደ። የአወዳይ ጫት ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፣ ካሴት ወደ ምዕራብ ይወጣል። በአንዱ መኪና ሁለቱም ይጓዛሉ።

ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ስለዚህ ካሴት ለእኛ አካባቢ ሙዚቃ ማጫወቻ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ መጽሐፍም ደብዳቤም ሆነ። ዓረብ አገር የሄደ ልጅ ለእናቱ በካሴት ይናገራል፤ እናቱም በዚያው ካሴት ጀርባ መልሳ ትልካለች። ገጣሚዎችም በካሴት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 እና 1980 መሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስሙ ጋሪዬ፣ የከፈተው ዴሌይ የተባለ የግጥም ሰንሰለት ነበር፤ ሁሉም ስንኝ በአንድ ድምፅ፣ በ«ደ»፣ የሚጀምር ቃል እየያዘ በርካታ ገጣሚዎች እየተቀባበሉ መለሱበት። ስለ ሶማሊያ መንግሥት አገዛዝና ስለ ጎሳ ጉዳይ ስለሚናገር ጋዜጣ አያወጣውም፤ የተሰራጨው ከቴፕ ወደ ቴፕ ነው። ጋሪዬና ሌላው ገጣሚ ሐድራዊ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ያን መንግሥት በትጥቅ ከሚዋጋው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋር ተቀላቀሉ።

እዚህ ላይ ለጽሑፌ ዋና የሆነውን ልማድ ልናገር። በሶማሌ ባህል የሰው ግጥም በቃሉ ይዞ መናገር ለማንም ክልክል አይደለም። ነገር ግን ተናጋሪው ሁለት ግዴታ አለበት፤ መጀመሪያ የገጣሚውን ስም መጥራት፣ ቀጥሎም ቃሉን ሳያዛባ መናገር። ያልተጻፈ ሕግ ነው። ስም ሳይጠራ የሰው ግጥም የሚናገር ሰው በጉባኤ ይዋረዳል፤ ቃል የሚለውጥም ይታረማል። የመቶ ዓመት ግጥም ዛሬም ከነባለቤቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዘፈንም ሲሆን ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ድምፁ የሦስተኛ ይሆናል፤ አዋቂ አድማጭ የሦስቱንም ስም ይጠይቃል።

አጎቴ አማርኛም ሶማሊኛም ሐረሪኛም የሚናገር ሰው ነበር፤ ይህን ልማድ ከደንበኞቹ ተምሮ በሱቁ አስገባው። ባለ ሁለት ካሴት ማጫወቻዎቹ በመደርደሪያ ላይ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ይቀዳሉ። ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ ወይም እዚያው ይገዛል፤ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ያስጽፋል፤ በማግሥቱ ይወስዳል። ካሴት ማስቀዳት ይባላል። እኔ ወረቀት ጸሐፊ ነበርኩ። አጎቴ የዘፋኙን ስም ብቻ ከጻፍኩ ይመልስልኛል፤ «ግጥሙ የማን ነው? ሂጂ ጠይቂ» ይለኛል። እጠይቃለሁ። ሻይ ቤት ከተቀመጡት ሾፌሮች አንዱ አያጣውም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ከዘጠናው እንደሚሻል ያወቅሁትም ከእሱ ነው፤ የዘጠናው ክር ስስ ስለሆነ በቶሎ ይለጠጣል፣ በማጫወቻው ጥርስ ይጠመጠማል።

ሁሉም ቀጂ እንደ አጎቴ አልነበረም። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ ስሙ ይቀራል። ሁለተኛው ቅጂ ላይ «የሐርጌሳ ዘፈን» ይላል፣ ሦስተኛው ላይ «ቆንጆ ዘፈን»፣ አራተኛው ላይ ምንም የለም። ከቅጂው ብዛት የተነሳ ድምፁም ይደበዝዛል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የስሙ መጥፋት ነው። የደበዘዘ ድምፅ በመሣሪያ በመጠኑ ይጠራል። የጠፋ ስም ግን የሚያውቀው ሰው ከሞተ አይመለስም። አርቲስቱም ከቅጂው ሳንቲም አላገኘም፤ ይህም እውነት ነው፣ መሸፈን የለበትም።

ከዚያ ግንቦት 1980 ዓ.ም. መጣ። የሶማሊያ መንግሥት የገዛ ከተሞቹን ሐርጌሳንና ቡርዖን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድብ ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ ፈለሰ። ከጅግጅጋ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው ሀርትሼክ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች፤ በመጨረሻ የተዘጋችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያ ድብደባ በፊት የሬድዮ ሐርጌሳ ሰዎች የድምፅ ሀብቱን እንዳይጠፋ ከፊሉን ከመሬት በታች ቀብረውታል፤ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ወጥቷል። ተራው ሰው ደግሞ የራሱን ካሴት ይዞ ወጣ። ብርድ ልብስና ድስት ትቶ ካሴት የያዘ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አጎቴ ሱቅ መጥቶ ካሴቱን እንዳይሸጠው፣ ግን እንዲቀዳለት ለመነው። አጎቴ ገንዘብ አልተቀበለውም፤ ለራሱም አንድ ቅጂ አስቀረ።

ሰላም ሲወርድ ይህ በየቤቱ የተበተነ ሀብት ወደ ሐርጌሳ ተመልሶ ተሰበሰበ። ዛሬ በሐርጌሳ ባህል ማዕከል የሬድ ሲ የባህል ፋውንዴሽን ከ10,000 በላይ ካሴቶች ያስቀመጠበት ክምችት አለ። ኦስቲናቶ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ከዚሁ ክምችት መርጦ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው አልበም ለግራሚ ሽልማት ታጭቷል። ዓለም ያን ሙዚቃ ሲሰማ የሰማው በአብዛኛው ሰዎች በቤታቸው ያቆዩትን ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። በቤት ውስጥ ድምፅ በድምፅ ላይ መደረብ ካሴት በነበረበት ዘመንም ተጀምሯል። ታስካም እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ ካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀዳ መሣሪያ አወጣ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ሆኖ ደራርቦ አንድ ካሴት አውጥቷል። እኛ ከተማ ግን መደረብ የመጣው ከኮምፒውተር ጋር ነው፤ ኮምፒውተሩም የመጣው ከተሰረቀ ፕሮግራም ጋር ነው። እንዲህ ያለ ክራክ የሌለበት ስቱዲዮ አልነበረም ብል አላጋነንኩም። ዋናውን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልግ ነበር፤ የባንክ ካርዳችን ውጭ አይሠራም ነበር። ክራኩ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ በሠርግ ቅጂ መሐል ይዘጋል፣ አንድ ቀን ሙሉ ሥራውን ይዞ ይጠፋል።

ሊኑክስን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከሚኖር ወዳጄ በተላከልኝ ሲዲ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ2005 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ የፖስታውን ሒሳብ ራሱ ችሎ በመላው ዓለም ይልክ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሥራ በፖስታ ጅግጅጋ ገባ። ለሙዚቃ የሚሆነው ዘርፍ፣ ኡቡንቱ ስቱዲዮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። በውስጡ ኦዳሲቲ የተባለ የድምፅ መቅረጫና ማረሚያ ፕሮግራም ነበር፤ ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ በካርኒጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ጀምረው እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የለቀቁት ነው። አርዶር የተባለው ባለ ብዙ ትራክ መቅረጫም ነበር፤ የጻፈው ፖል ዴቪስ ሲሆን፣ እሱም ከአማዞን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፕሮግራመሮች አንዱ የነበረ ሰው ነው። ፕሮግራሞቹን እርስ በርስ በድምፅ የሚያገናኘውን ጃክንም የጻፈው እሱ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር አልልም። ድምፃዊት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ስትዘፍን የራሷ ድምፅ ዘግይቶ ከመጣባት ዜማው ይፈርሳል። ኮምፒውተሩ ድምፁን ቆንጥሮ ቆንጥሮ ነው የሚይዘው፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲቀዳ በአንድ ጊዜ 256 ናሙና ቢይዝ ያ ቁንጥር 5 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ጆሮ አይረበሽበትም። ቁንጥሩን ማሳነስ መዘግየቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ማሽኑ ካልደረሰበት ድምፁ ይሰነጠቃል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ኮምፒውተሩ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያደርገው ማሻሻያ ለረጅም ዓመታት ከሊኑክስ ዋና አካል ውጭ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ6.12 እትም ውስጥ ተጠቃለለ። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ዛሬ ከእኔ ባነሰ ድካም ይጀምራል።

ካሴት ስገለብጥ መጀመሪያ የማጫወቻውን ራስ የምታጋድለዋን ትንሽ ብሎን በጠባብ መፍቻ እያዞርኩ ድምፁ እስኪጠራ አስተካክላለሁ፤ እያንዳንዱ ካሴት በተቀዳበት ማሽን ልክ ነው የሚጠራው። ከዚያ በ24 ቢት እቀዳለሁ፤ የስልሳ ደቂቃ ካሴት በስቴሪዮ 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። የሹክሹክታውን ድምፅ በኦዳሲቲ ስቀንስ እጄን እቆጥባለሁ፤ አብዝቶ ማጥራት የኡዱን ጣት ድምፅ ይበላል። አዲስ ቀረጻ ሲሆን ጠላቴ የጅግጅጋ ነፋስ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያውን ሲያንቀጫቅጭ ማይክ አይምረውም፤ ስለዚህ የምቀዳው ነፋሱ በሚረግብበት ሌሊት ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ በየጊዜው ፈቃዱን ከኢንተርኔት የሚያረጋግጥ ፕሮግራም የያዘ ሁሉ ተጨነቀ። የእኔ ክፍል ሥራ አላቋረጠም። አንድ ጊዜ የያዝኩት ፕሮግራም የእኔ ነው፤ ማንም ከሩቅ አይቆልፈውም። ለጎረቤቴ ልጅም በፍላሽ ሰጥቼዋለሁ፤ ሌባም አላደረግሁት።

አጎቴ ያስተማረኝ ልማድና ሊኑክስ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ በ1989 ያወጣው ፈቃድ እንዲህ ይላል፦ ፕሮግራሙን ተጠቀምበት፣ ቅዳው፣ አባዛው፣ ለውጠው፤ ነገር ግን የጸሐፊዎቹን የባለቤትነት ማስታወቂያ አታጥፋ፣ ከለወጥከውም መለወጥህን ግለጽ፤ ለተቀባይህም ይህንኑ መብት ስጥ። የሶማሌ የግጥም ሕግ ቃል እንዲለወጥ አይፈቅድም፣ በዚህ ይለያያሉ። ነገር ግን ሁለቱም ማባዛትን ከፍተው ስም መደበቅን ዘግተዋል። የካሴቱ ዘመን ግማሹን ብቻ ነበር የያዘው፤ ማባዛቱን ያዘ፣ ስሙን ጣለ። እኔ በዚህ ሥራ የምፈልገው የተጣለውን ግማሽ መመለስ ነው።

መሣሪያውም አለ። የምገለብጣቸውን ዘፈኖች የማስቀምጠው ፍላክ በተባለው ክፍት ቅርጸት ነው፤ ድምፁን ሳይጎዳ መጠኑን ይቀንሳል፣ ከድምፁ ጋር ጽሑፍም ይሸከማል። የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በግዕዝም በላቲንም እጽፋለሁ፤ ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲ፣ ድምፃዊ፣ ከበን ተጫዋች፣ የተቀዳበት ቤትና ከተማ። ስሙ ከፋይሉ ጋር ይጓዛል፤ ወረቀቱ ቢጠፋ አይጠፋም። ቤቴ መጥተው የሚዘፍኑ ሴቶች ስማቸው እንዳይወጣ ሲጠይቁኝ የሚፈልጉትን ስም እጽፋለሁ፤ እሱም የእነሱ መብት ነው። ፋይሉም ያለ ፈቃዳቸው ከክፍሉ አይወጣም።

ይህን የምታነቡ የጅግጅጋ፣ የአውበሬ፣ የደምበል፣ የሽንሌ፣ የድሬዳዋ ሰዎች፦ በየሳጥናችሁ ካሴት እንዳለ አውቃለሁ። ዝናብና ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ሳይታወቅ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት በጀርባው ጠርዝ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። ከሁሉ በፊት ግን ካሴቱን ይዛችሁ ወደ ቤተሰቡ አዛውንት ሂዱ፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ የዘፈነው ማን እንደሆነ ጠይቁና ሽፋኑ ላይ በእርሳስ ጻፉ። መገልበጡ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ጊዜ ይደርሳል።